ጠላት ሳይነካቸው ስለ ወደቁት
(በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በጦርነት ዘመን ሰው የሚሞተው በጦር ሜዳ ብቻ አይደለም። ገና ሲሠለጥን የሚሞት አለ። ወደ ግንባር ሲጓዝ በመንገድ የሚቀር አለ። ስንቅና ጥይት ሲያመላልስ ከነመኪናው ገደል የሚገባ አለ። እነዚህን ሰዎች ሀገር እንዴት ታስታውሳቸው? ከጀግና ቁጥር ይገባሉ ወይስ አይገቡም? የዛሬው ንግግራችን ይህንን ጥያቄ የሚመለከት ነው።

ምሳሌያችንን ከሩቅ አገር እንጀምር። በሰሜን እንግሊዝ ዮርክሸር በሚባለው አውራጃ ባክደን ፓይክ የተባለ ተራራ አለ። ከፍታው 700 ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ለጨርጨር ልጅ ተራራ ሊባል ቀርቶ ቆላ ነው። ነገር ግን ዛፍ የማይበቅልበት፥ ነፋስና ጭጋግ የማይለየው፥ በክረምት በረዶ የሚሸፍነው ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 31 ቀን 1942 ዌሊንግተን የተባለ ቦምብ ጣይ አይሮፕላን በበረዶ ማዕበል መንገድ ስቶ ከዚህ ተራራ ጋር ተጋጨ። በውስጡ የነበሩት ስድስት ሰዎች ፖላንዳውያን ሲሆኑ፥ አገራቸው እንደኛ አገር በወራሪ ተይዛባቸው በሰው አገር የሚሠለጥኑ ስደተኞች ነበሩ። የዚያን ቀን በረራቸው የልምምድ በረራ ነበር። አምስቱ ሞቱ።

ስድስተኛው የኋላ ተኳሹ ጆ ፉሽኒያክ ነበር። እግሩ ተሰብሮ ሳለ በበረዶው ላይ የቀበሮ ዱካ አየ። ቀበሮ ሲርበው ወደ ሰው መንደር ይወርዳል ብሎ አሰበና ዱካውን እየተከተለ በመዳህ ወደ ታች ወረደ፤ እንዳሰበውም ሰው ካለበት ደርሶ ዳነ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1973፥ ያው ሰው በተራራው ላይ ለጓደኞቹ የድንጋይ መስቀል አቆመላቸው። ከመስቀሉ ግርጌም የዚያችን የቀበሮ ራስ ምስል በትንሹ አስቀረጸ።

እነዚህ አምስት ሰዎች ብቻቸውን አይደሉም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከእንግሊዝ የቦምብ ጣይ ክፍል የሞቱት አየር ወለዶች 55,573 እንደ ሆኑ ተመዝግቧል። ከእነዚህም ውስጥ ከ8,000 በላይ የሚሆኑት የሞቱት ጠላት ሳይነካቸው በልምምድና ይህን በመሰለ በረራ በደረሰ አደጋ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አይሮፕላኖቹ ያረጁ ነበሩ፤ ልጆቹ በችኮላ ይሠለጥኑ ነበር፤ ሰማዩም ለጀማሪ አይራራም።

የባክደን ፓይክ መስቀል ስለ ድል የሚናገረው ነገር የለም። ድል አልነበረምና። እነ እገሌ እዚህ ቦታ፥ በዚህ ቀን ሞቱ ብሎ ይበቃዋል። እኛን የማረከን ይህ ነው። አቁሙልኝ ያለ መንግሥት ሳይሆን፥ ጓደኞቹን ያልረሳ አንድ ሰው ነው ያቆመው።

አሁን ወደ ገዛ አገራችን እንመለስ። የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች የጦርነት መንገድ ላይ የተቀመጡ ናቸው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ በአዋሽና በሚኤሶ አልፎ ወደ ጭሮ ይወጣል፤ ከዚያም በሂርና አድርጎ በደጋው ጫፍ ጫፍ ወደ ቁልቢ ይቀጥላል። ሠራዊት ሲመጣም ሲሄድም በዚሁ ነው። የከተማችን ስም ራሱ የዚህ ታሪክ ምስክር ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ሳሉ ሲቆረቁሯት በራስ ተፈሪ ስም አሰበ ተፈሪ ተባለች። ፋሺስቶች ሲይዟት የተፈሪን ስም አውጥተው የፓርቲያቸውን ምልክት በመትከል አስባ ሊቶሪያ አሏት። ከነፃነት በኋላ የቀድሞ ስሟ ተመለሰ፤ ዛሬ ደግሞ ጭሮ ነች። እንግዲህ ለትልቅ ሰው መታሰቢያ ሲፈለግ ከተማ ሙሉ ስም ይለወጣል፤ ለትንሽ ሰው ግን የአንድ ክንድ ድንጋይ ይበዛበታል።

በ1933 ዓ.ም. የሆነውን እንመልከት። መጋቢት 6 ቀን ጆን ፍሮስት የተባለ የደቡብ አፍሪካ አብራሪ በድሬዳዋ አካባቢ አይሮፕላኑ ተመትቶ ከጠላት ሜዳ ላይ ወረደ። ጓደኛው ሮበርት ከርሾ ተኩስ እየወረደበት አጠገቡ አረፈና፥ ለአንድ ሰው ብቻ በተሠራው መቀመጫ ላይ ሁለት ሆነው ተነሥተው አመለጡ። ከርሾ ተሸለመ፤ ታሪኩም በየመጽሐፉ ተጻፈ። የሚገባው ነው። ዳሩ ግን ጸሐፊ ጀብዱ ይወዳል። መጋቢት 17 ቀን ሐረር የገቡት ናይጄሪያውያን እግረኞች፥ ከዚያም በሚኤሶና በአዋሽ አድርገው መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ የደረሱት የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች፥ ከእነርሱም ጋር ውኃና ነዳጅ ያመላለሱት ሾፌሮች ስማቸውን የሚያውቅ ከመካከላችን ማን አለ?

ሐረር ከተማ ውስጥ የዚያ ዘመቻ ሙታን የተቀበሩበት መካነ መቃብር አለ። የሚጠብቀው የእንግሊዝና የአጋሮቿ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ሲሆን፥ ሕጉ ጄኔራልም ይሁን ተራ ወታደር የመቃብሩ ድንጋይ ልዩነት አይኑረው የሚል ነው። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ይኸው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዘገባ፥ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ሙታን ቢያንስ 116,000 የሚሆኑት፥ አብዛኞቹም የምሥራቅ አፍሪካና የግብፅ ሰዎች፥ ስማቸው ሳይጻፍ ወይም ጭራሽ ሳይታሰቡ መቅረታቸውን አምኗል። ስለዚህ ሕጉ ብቻውን አይበቃም። ስም እየዞረ የሚሰበስብ ሰው ያስፈልጋል።

ከዚያ ደግሞ ለእኛ የሚቀርበው ዘመን መጣ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲወርር ከየገጠሩ የተጠራው ገበሬ በታጠቅ ጦር ሰፈርና በሌሎችም ቦታዎች ለአጭር ጊዜ ሠልጥኖ ወደ ምሥራቅ ዘመተ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ነፃ እስክትወጣ ድረስ የጨርጨር ደጋ መንገድ ሰውና ስንቅ ሲያሳልፍ ከረመ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ጠመንጃ ሲለማመድ፥ በበሽታ ተይዞ፥ ወይም ጭነት መኪና ተገልብጦበት ግንባር ሳይደርስ የሞተ የለም የሚል ሰው ቢኖር፥ ሠራዊት የሚባለውን ነገር አያውቅም ማለት ነው። የእነዚህ ሰዎች እናት ግን ልጇ የት እንደ ተቀበረ የማወቅ መብቷ በግንባር ከሞተው እናት አያንስም። ጥይት ባያገኘው እንኳ የወጣው ለዚያው ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ለቤተ መጻሕፍታችን መጽሐፍ ሳይሟላ ስለ ድንጋይ ታወራላችሁ?» ይሉን ይሆናል። ተቃውሞው ተገቢ ነው። እኛም የምንጠይቀው የእብነ በረድ ሐውልት አይደለም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ደብተርና እርሳስ ነው። ሌሎች ደግሞ «የእርስ በርስ ጦርነት በበዛበት አገር የማንን ወገን ስም ልትጽፉ ነው?» ይላሉ። መልሳችን፥ በመዝገቡ ላይ የማዕረግም የወገንም ዓምድ አይኑር የሚል ነው። ስም፥ የትውልድ ቦታ፥ ዓመተ ምሕረት፥ የሞተበት ቦታና ምክንያት፤ ይኸው ነው።

ምክንያቱ መጻፉን አጥብቀን እንሻለን። «ተሰዋ» የሚለው ቃል ክቡር ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ጉድለት መሸፈኛ ይሆናል። የሞተው በፍሬን መበላሸት ከሆነ ይጻፍ፤ ሥልጠናው ስላነሰው ከሆነ ይጻፍ። እውነቱ ከተጻፈ ነገ ሌላውን ልጅ የሚልክ አለቃ ሁለት ጊዜ ያስብ ይሆናል። ለሙታን የምናደርገው ክብር ለሕያዋን ጥበቃ ካልሆነ ግማሽ ክብር ነው።

ስለዚህ ለኅብረቱ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። በሚመጣው ዕረፍት ወደ ጭሮ፥ ወደ ሚኤሶ፥ ወደ ሂርና፥ ወደ በዴሳና ወደ ገለምሶ የምንሄድ ተማሪዎች እያንዳንዳችን አንድ አንድ ደብተር እንያዝ። በኦሮምኛም በአማርኛም፥ ቤተሰቡ በሚቀናው ቋንቋ እንጠይቅ። በዚያ ዘመን ሃያ ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ ከስድሳ አምስት በላይ ነው፤ እናቶቹማ ብዙዎቹ አልፈዋል። የታሪክ መምህሮቻችን አጠያየቁንና አመዘጋገቡን እንዲያስተምሩን፥ የተሰበሰበውም በቤተ መጻሕፍታችን እንዲቀመጥ እንለምናለን። ስሙ ከተሟላ በኋላ ከደጋው መንገድ ዳር ድንጋይ ማቆም የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ድንጋይ በጨርጨር ጠፍቶ አያውቅም።

ደብተሩን ለመያዝ የሚፈቅድ ጓደኛ ከስብሰባው በኋላ ስሙን ያስመዝግብ።