የውኃ ሚዛን፤ ስለ መንሳፈፍና ስለ መስጠም የተደረገ ዲስኩር



በጣና ዳር የቆመ ሰው፥ ከደንገል የታሰረች ታንኳ ቀዛፊዋንና ሸክሟን ይዛ በውኃው ላይ ስታልፍ ያያል፤ ከእግሩ ሥር አንሥቶ የወረወራት ጠጠር ግን ወዲያው ወደ ጥልቁ ትወርዳለች። ምክንያቱን የተጠየቅን እንደ ሆነ፥ አብዛኞቻችን «ቀላል ነገር ይንሳፈፋል፥ ከባድ ነገር ይሰጥማል» ብለን እንመልሳለን። ነገር ግን ታንኳዋ ከጠጠሯ እጅግ ትከብዳለች፤ ብዙ ሺህ ቶን የሚመዝን የብረት መርከብም ውቅያኖስ ሲያቋርጥ፥ ከዚያው መርከብ የወደቀች አንዲት ሚስማር ትሰጥማለች። እንግዲህ የለመድነው መልስ አይበቃምና፥ እውነተኛውን መልስ ለመግለጽ፥ ይልቁንም ይህን ማወቅ የሰውን ነፍስ እስከ ማዳን የሚደርስ መሆኑን ለማስረዳት በፊታችሁ ቆሜአለሁ።

የመንሳፈፍን ሕግ አስቀድሞ በሥርዓት የገለጠው፥ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሲጓዝ ሦስት ቀን በተቀመጠባት በሰራኩስ ከተማ፥ ከሐዋርያው ዘመን አስቀድሞ ይኖር የነበረው የግሪክ ሊቅ አርኪሜዴስ ነው። ሮማውያን ከተማይቱን በያዙ ጊዜ፥ በ212 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የተገደለው ይህ ሊቅ፥ ስለሚንሳፈፉ ነገሮች በጻፈው መጽሐፍ ያስተማረው በአጭሩ እንዲህ ነው፤ በውኃ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ፥ ከስፍራው ባስለቀቀው ውኃ ክብደት ልክ ወደ ላይ ይገፋል። ውኃ ጥልቀቱ በጨመረ ቍጥር ግፊቱ ስለሚበረታ፥ ነገሩን ከታች ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ከላይ ወደ ታች ከሚጫነው ይበልጣል፤ የሁለቱም ልዩነት ከተፈናቀለው ውኃ ክብደት ጋር የተካከለ ነው። ስለዚህ ውኃ እንደ ሚዛን ነው፤ በአንዱ ወገን ነገሩ፥ በሌላው ወገን ነገሩ ያስለቀቀው ውኃ ይቀመጣል፥ ፍርዱም በሁለቱ መካከል ይሰጣል።

ርዝመቱም ወርዱም ከፍታውም ዐሥር ዐሥር ሳንቲ ሜትር የሆነ ድፍን ብረት ብንወስድ፥ ክብደቱ 7.9 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ የሚያስለቅቀው ውኃ ግን አንድ ሊትር፥ ማለት አንድ ኪሎ ግራም ብቻ ስለ ሆነ ይሰጥማል። ያንኑ ብረት አንጥረኛ ቀጥቅጦ፥ ከነባዶ ሆዱ ዐሥር ሊትር ስፍራ የሚይዝ ጐድጓዳ ሳሕን ቢያደርገው፥ ከክብደቱ ምንም ሳይጐድል ይንሳፈፋል፤ ከሁለት ኪሎ ግራም ጥቂት የሚበልጥ ሸክም እስኪጨመርበትም ድረስ አይሰጥምም። የተለወጠው ብረቱ ሳይሆን፥ ብረቱ የሚያስለቅቀው የውኃ መጠን ነው። በመጽሐፈ ነገሥት እንደ ተጻፈው፥ በነቢዩ በኤልሳዕ ዘመን በዮርዳኖስ የወደቀው የምሣር ብረት መንሳፈፉ ተአምር ተብሎ የተነገረውም በሚገባ ነው፤ ድፍን ብረት በጠባይዐ ፍጥረት ሕግ ከመስጠም በቀር ሌላ ዕድል የለውምና።

ደንገልም በውስጡ አየር የታመቀበት ተክል ስለ ሆነ፥ የሚይዘው ስፍራ ሰፊ ሲሆን ክብደቱ ጥቂት ነው። ውሎ ሲያድር ግን ውኃ ወደ ውስጡ ሰርጎ የአየሩን ቦታ ይወስዳልና፥ የጣና ሰዎች ታንኳቸውን ከቀዘፋ በኋላ ወደ ምድር አውጥተው በፀሓይ ያደርቁታል፤ መጽሐፍ ሳያነቡ ከአባቶቻቸው የተቀበሉት ይህ ልማድ፥ ሊቁ ከጻፈው ሕግ ጋር በፍጹም ይስማማል።

ሚዛኑም እንደ ውኃው ዓይነት ይለያያል። የንጹሕ ውኃ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ግራም ሲመዝን፥ የውቅያኖስ ውኃ በጨው ምክንያት 1.025፥ የሙት ባሕር ውኃ ደግሞ 1.24 ያህል ይመዝናል፤ በሙት ባሕር የገባ ሰው ልስጠም ቢል የማይሆንለት ስለዚህ ነው። ከወንዝ ወደ ባሕር የወጣ መርከብም፥ ሸክሙ ሳይቀነስ ጥቂት ከፍ ይላል።

ሰው ይህን ሕግ ካወቀ ብዙ መቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ እንኳ፥ ዕውቀቱ ለመርከበኛው ነፍስ ጠባቂ ሳይሆን ቆይቶአል። በእንግሊዝ አገር በዐሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን፥ ያረጁ መርከቦችን ከልክ በላይ እየጫኑ፥ ቢሰጥሙም የመድን ገንዘብ እንደሚከፈላቸው ተማምነው ወደ ማዕበል የሚሰዱ ባለጠጎች ነበሩ። በጎኑ ከውኃው በላይ የሚቀር በቂ ከፍታ የሌለው መርከብ፥ ማዕበል ሲመታው ውኃው ወደ ሆዱ ይገባል፤ ክብደቱ ይጨምራል፥ የሚያስለቅቀው ውኃ ግን ከዚያ ወዲያ ሊጨምር አይችልምና ሚዛኑ ይፈርድበታል። ሳሙኤል ፕሊምሶል የተባለው የፓርላማ አባል ስለ እነዚህ መርከበኞች ብዙ ተከራክሮ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1876 መርከቦች በጎናቸው የጭነት ልክ ምልክት እንዲኖራቸው ሕግ ወጣ፤ ምልክቱ የሚቀመጥበትን ስፍራ ለባለ መርከቡ ፈቃድ መተው ስሕተት ሆኖ ስለ ተገኘም፥ በ1890 ስፍራው ራሱ በሕግ ተወሰነ። በ1930 ደግሞ ብዙ መንግሥታት በሎንዶን ስለዚሁ ውል ተዋዋሉ። የንጹሕ ውኃና የጨው ባሕር፥ የበጋና የክረምት ልክ በየራሱ መሥመር የሚታይበት ይህ ምልክት፥ የአርኪሜዴስ ትምህርት ማንበብ ለማይችል ሰው እንኳ ግልጽ ሆኖ የተጻፈበት ነው።

እንግዲህ ክቡራን ሆይ፥ በጣናም በዝዋይም በዓባያም ሰው የሚያሻግሩ ጀልባዎች ያላችሁ ሁሉ፥ አስተማማኙን ልክ በባለሙያ አስመርምራችሁ በጀልባችሁ ጎን መሥመር አስቀቡ፤ ተሳፋሪውም መሥመሩ በውኃ ተሸፍኖ ባየ ጊዜ «አልሳፈርም» ለማለት ይድፈር። መምህራንም ይህን ሕግ ለደቀ መዛሙርት በቃል ከማስጠናት ይልቅ፥ በአንድ ገበታ ውኃና በአንድ የቆርቆሮ ሳሕን አሳዩአቸው፤ ጠጠር እየጨመሩ ሳሕኑ የሚሰጥምበትን ልክ በገዛ እጁ የለካ ሕፃን፥ ባደገ ጊዜ ሰውን ከልክ በላይ በጀልባ ለመጫን እጁ አይታዘዝለትምና።