«ድንበር ላይ ነው» ስለተባለው ልጄ
(በሰፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ያደረጉት ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ልጄ ነው፤ ራሱ ፈቅዶልኛል። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ሰላምታ ሳይሰጥ ያልፋል፣ ለቅሶ አይደርስም» ስትሉ ሰምቻለሁ። አልፈርድባችሁም፤ እኔም ትዕቢት መስሎኝ ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ!

አምና ከሥራ ሲሰናበት ሐኪም ዘንድ ሄድን። ከብዙ ምልልስ በኋላ የተሰጠን ወረቀት «የኦቲዝም ምልክቶች አሉት፤ ነገር ግን ድንበር ላይ ነው» ይላል። ታዲያ ድንበር ላይ ያለ ሰው የማን ነው? ጆይ የኦቲዝም ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ከተከፈተ ወዲህ ስለ ሕፃናቱ ብዙ ሰምተናል። ልጅ ግን ያድጋል እኮ!

ኦቲዝም በደም ምርመራ ወይም በራጅ አይታይም። ሐኪሙ ጠይቆ፣ አስተውሎ፣ የልጅነት ጠባዩንም ከቤተሰብ ሰምቶ ነው የሚወስነው። ጎልማሳ ደግሞ ሰው እያየ ችግሩን መደበቅ ይለምዳል፤ ጭንቀትም ይደረብበታል፤ ስለዚህ ቁርጡን መናገር ያስቸግራል።

እኔን የጠቀመኝ ተመልሼ ሄጄ «የስሙን ነገር ተዉትና የሚያስቸግረውን በዝርዝር ጻፉልን» ማለቴ ነው። ጻፉልን። ጫጫታ ያዞረዋል፤ በቃል ሦስት ነገር ባንዴ ቢታዘዝ ይጠፋበታል፤ በጽሑፍ ከተሰጠው ግን አንዲት ነጥብ አይስትም። ለእንቅልፍ ማጣቱና ለጭንቀቱም ለብቻው ሕክምና ተጀመረለት፤ ለዚህ የኦቲዝም ወረቀት አያስፈልግም። የድሮ የትምህርት ቤት ካርዱንም ከነመምህሮቹ አስተያየት ፈልጌ አስቀምጫለሁ፤ ዳግመኛ ቢመረመር ይጠቅማል።

ያን ዝርዝር ይዞ አዲስ ሥራ ጠየቀ። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል፤ አሠሪው ሁኔታዎችን እንዲያመቻችም ያዛል። አዋጁን ለማንሳት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሰውዬው ግን ዝርዝሩን አንብበው «ይኼማ ቀላል ነው» አሉና ዕቃ ግምጃ ቤቱ ጥግ ጠረጴዛ ሰጡት። የሚያዙትንም በወረቀት ይጽፉለታል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። በእድራችን ደንብ ለቅሶ ያልደረሰ ይቀጣል። ደንቡ ይፍረስ አልልም። ልጄ ግን ድንኳን ውስጥ ዋይታው ሲበዛ ጆሮውን ይዞ ይወጣል፤ ያየ ሁሉ ንቀት ይለዋል። ድንኳን መትከል፣ ወንበር ማመላለስ ይሰጠው፤ በሌሊትም ቢሆን ይመጣል። ጸሐፊያችንም ከመጪው እሑድ ጀምሮ የወርሃዊ መዋጮውን መዝገብ ሊያስይዙት ተስማምተዋል። ስትከፍሉ ስሙን ጥሩትና መልሱን ትንሽ ጠብቁት። ዓይን ዓይናችሁን ላያይ ይችላል፤ ይሰማችኋል ግን።