ታሪኩ የእሷ፣ ቅርጫቱ የገዢው

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ለመጪው ባዛር በእያንዳንዱ የእጅ ሥራ ላይ የሠሪዋ የስደት ታሪክ በካርድ ተጽፎ ይንጠልጠል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡ ከቅንነት የመጣ ነው፤ ታሪኩን ያነበበ ገዢ ልቡ ይራራል፣ እጁም ይፈታል። ከመወሰናችን በፊት ግን የሁለት ቦታ ሴቶችን ሥራ እንድናይ እለምናችኋለሁ።

የመጀመሪያዎቹ የላኦስ ሞንግ ሴቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1975 በኋላ የሜኮንግን ወንዝ ተሻግረው ታይላንድ ውስጥ እንደ ባን ቪናይ ባሉ መጠለያዎች ተቀመጡ። ጥልፍ ከእናቶቻቸው የወረሱት ሙያ ነው፤ የቀድሞው ግን በሐረግና በቅርጽ የተሞላ ነበር። በመጠለያው ለውጭ ገዢዎች የሚሸጥ አዲስ ዓይነት ጀመሩ፦ መንደሩን፣ ወታደሩን፣ አውሮፕላኑን፣ ወንዝ የሚሻገረውን ቤተሰብ ጠለፉ። ታሪካቸውን ራሳቸው ጨርቅ ላይ አሰፈሩት።

ሁለተኛዎቹ በደቡብ ቴል አቪቭ «ኩቺናቴ» በሚባል ማኅበር የሚሠሩ ናቸው። ስሙ በትግርኛ የኪሮሽ ሥራ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ኤርትራዊቷ መነኩሲት ሲስተር አዘዘት ኪዳነ ከሥነ ልቦና ባለሙያዋ ዲዲ ሚሚን ካን ጋር አቋቋሙት። አባላቱ ጥገኝነት የጠየቁ አፍሪካውያን ሴቶች ናቸው፤ ኤርትራውያን ይበዛሉ። በሲና በረሃ በአጋቾች እጅ የተሠቃዩም አሉባቸው። የሚሠሩት ቅርጫት ላይ ግን በረሃውም ሰንሰለቱም አይታይም። ቀለምና ክር ብቻ ነው።

አንዷ ትናገራለች፣ ሌላዋ ዝም ትላለች፤ ሁለቱም መብት ነው። ካርዱን ሌላ ሰው ሲጽፈው ግን ምርጫው ከሠሪዋ እጅ ይወጣል። በመካከላችን ከዓረብ አገር የተመለሱ፣ በስደት እዚህ የሚኖሩም እህቶች አሉ። አንዳንዷ የደረሰባትን ለእናቷ እንኳ አልነገረችም። ባዛሩ ላይ ጎረቤቷ ቢያነበውስ? ልጇ አድጎ ቢያገኘውስ? ደግሞስ ሐዘኑ የከበደው ታሪክ ብዙ የሚሸጥ ከሆነ፣ እህቶቻችንን በመከራ ልናወዳድር ነው?

በኀዘኔታ የገዛ አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ሥራውን ወዶ የገዛ ግን ተመልሶ ይመጣል፣ ወዳጁንም ይዞ ይመጣል።

ስለዚህ ይህን አቀርባለሁ። ካርዱ ላይ ክሩ ከምን እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደፈጀ፣ እንዴት እንደሚታጠብ ይጻፍ። ስሟ የሚጻፈው ከፈቀደች ብቻ ይሁን። ዋጋው የክሩን ወጪና የሥራ ቀኗን ይሸፍን፤ ታሪኳን በመናገሯ አይጨመር፣ ዝም በማለቷም አይቀነስ። መናገር የምትፈልግ ካለች በራሷ አንደበት ትናገር፤ ከመታተሙም በፊት ይነበብላትና ትስማማበት፤ ሐሳቧን ከለወጠችም ካርዱ ይነሣ።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ የሰጣችሁን ገንዘብ የት እንደዋለ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ስንት ሴቶች እንደሠሩ፣ ስንት እንደተሸጠ፣ ለእያንዳንዷ ስንት እንደደረሳት በሒሳብ መዝገባችን እናሳያችኋለን። የእህቶቻችን ቁስል ግን የሒሳብ መዝገብ አይደለም።