ክሬሙ ለምን ተበላሸ?

በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



አዘጋጅ ኮሚቴው «ከሙያሽ ሁላችንንም የሚመለከት አንድ ነገር ይዘሽ ነይ» ሲለኝ ርእስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ፋርማሲ ተምሬ ብዙ ዓመት በመድኃኒት ጥራት ቁጥጥር ስለሠራሁ ከእናንተው መካከል ስልክ የሚደውልልኝ አይጠፋም። «የሠራሁት ክሬም ዘይትና ውሃው ተለያየብኝ»፤ «ቅባቱ አሸዋ አሸዋ አለኝ»፤ «የተልባው ጄል ሸተተ፣ ልጣለው ወይስ ላሙቀው?» ዛሬ ለሁላችሁም በአንድ ላይ ልመልስ።

በቤት አትሥሩ ልላችሁ አልመጣሁም። ከውጭ የሚገባው ክሬም ዋጋው አይቀመስም፤ ጥሬ ዕቃው ደግሞ አገራችን ውስጥ ሞልቷል። የጋምቤላ ሺ ቅቤ አለ፣ ጥቁር አዝሙድ አለ፣ ሽፈራው፣ እሬት፣ ጉሎ፣ ሰም፣ ማር አለ። በዚህ ሥራ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ጓደኞች እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። ጥያቄው ሲበላሽ ምን እንደተበላሸ፣ የትኛው ብልሽት እንደሚታለፍና የትኛው እንደማይታለፍ ማወቁ ላይ ነው።

ሰው ሲደውልልኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ውሃ አለበት?

የሽሮ ዱቄት ዓመት ይቀመጣል፤ የተሠራው ወጥ ግን ነገ ከነገ ወዲያ ይኮመጥጣል። ለጋ ቅቤ በጥቂት ቀን ሽታው ይለወጣል፤ አንጥረን ውሃውን ስናስወጣለት ይከርማል። እናቶቻችን ማይክሮባዮሎጂ ሳይማሩ ያወቁት ነው። ባክቴሪያም ፈንገስም ያለ ውሃ አይራባም። ውሃ ስል ደግሞ የቧንቧውን ብቻ አይደለም። የእሬት ዝልግልግ ውሃ ነው። የሩዝ ውሃ፣ የአብሽ ውሃ፣ የጽጌረዳ ውሃ፣ ሻይ፣ ወተት፣ እርጎ፣ ሁሉም ውሃ ነው። «ኧረ እኔ ውሃ አልጨመርኩም፣ እሬት ብቻ ነው» የሚለኝ ሰው ብዛቱ!

ውሃ ከሌለበት፣ ማለትም ሺ ቅቤ፣ ዘይትና ሰም ብቻ ከሆነ፣ ብልሽቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። አሸዋ አሸዋ የሚለው ቅባት ለምሳሌ ምንም ጉዳት የለውም። ሺ ቅቤ ውስጥ ያሉት ስቦች የሚረጉበት ሙቀት ይለያያል፤ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ቶሎ የሚረጋው ቀድሞ ለብቻው ይጓጉላል። ሙሉ በሙሉ አቅልጡት፣ ከዚያ ዕቃውን በረዶ ባለበት ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ እያማሰላችሁ ቶሎ አቀዝቅዙት። አዲስ አበባ ላይ ያማረው ቅባት ድሬዳዋ ሲደርስ የሚጓጉለውም ለዚህ ነው፤ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ቀለጠ፣ ሌሊት በቀስታ ረጋ። ለቆላ ደንበኛ ሰሙን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይረዳል፤ ሰም እስከ 60 ዲግሪ ሴልሲየስ ድረስ አይቀልጥም።

የከረመ ዘይት ሽታ ሌላ ነው። የኑግና የተልባ ዘይት አየርና ብርሃን ሲያገኛቸው ቶሎ ይበላሻሉ። ጥቁር ጠርሙስ፣ ቀዝቃዛ ቦታ፣ ትንሽ ቫይታሚን ኢ። የሸተተ ዘይት ሽቶ ቢጨመርበት አይድንም፤ ጣሉት።

ዘይትና ውሃ ወደተደባለቀበት ክሬም እንምጣ። የሚለያየው ክሬም ምክንያቱ በአብዛኛው ሰም ነው። ሰም ያወፍራል እንጂ ብቻውን ዘይትና ውሃን አያስታርቅም። ለዚያ ኢመልሲፋየር የሚባለው ያስፈልጋል፤ አንዱ ጫፉ ውሃ የሚወድ፣ ሌላው ጫፉ ዘይት የሚወድ። ኢመልሲፋየር ጨምሮም የሚለያይበት ሰው ካለ ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ። በማንኪያ ነው የለካኸው በሚዛን? በሚዛን ይሁን፤ የአንዱ ሰው ማንኪያ ከሌላው ጋር አይገናኝም። ሁለቱን ወገን ለየብቻ ወደ 70 እና 75 ዲግሪ አድርሰህ ነው የቀላቀልከው? አንዱ ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ሰሙና ኢመልሲፋየሩ ውሃው ውስጥ ሲገባ ወዲያው ይረጋል።

አንድ ጊዜ የኬሚስትሪ ተመራቂ ጓደኛችን ጋ የተፈጠረው ግን አስቆኛል። ክሬሙን በሳሙና ነበር ያስታረቀው፤ ስቴሪክ አሲድን በትንሽ ካስቲክ ሶዳ። ለሳምንት እንደ ሐር ሆኖ ቆየ። ከዚያ «ቆዳ ያበራል» ተብሎ ቫይታሚን ሲ ጨመረበት፣ በዚያው ምሽት እንደ አይብ ተቋጠረ። አሲድ ሲገባ ሳሙናው ተመልሶ ስብ ይሆናል። ነገሩ ከመጀመሪያ ዓመት ኬሚስትሪ አይዘልም።

እስካሁን ያልኳችሁ ሁሉ ዓይን የሚያየው፣ አፍንጫ የሚያሸተው ብልሽት ነው። እነዚህ ብልሽቶች ደጎች ናቸው፤ ተበላሽቻለሁ ብለው ይናገራሉ። የምፈራው ዝም የሚለውን ነው።

ከመካከላችን አንዷ፣ ፈቅዳልኝ ነው የምናገረው፣ 60 ብልቃጥ የሕፃናት ክሬም ሠራች። እሬት፣ ሺ ቅቤ፣ የሽፈራው ዘይት፣ ኢመልሲፋየር፣ ቫይታሚን ኢ። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ሽታው የሚያስደስት። ዕቃዎቿን ቀቅላ፣ ውሃውን አፍልታ ነው የሠራችው፤ ንጽሕናዋ አይታማም። 20 ብልቃጥ ሸጣ የቀረውን ለባዛር አዘጋጀች። «ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ምንም አልሆነም፣ ግን ለእርግጠኝነት እዪልኝ» ብላ አመጣችልኝ። አስመረመርነው። ሳህኑ ላይ የበቀለው ባክቴሪያ ለመቁጠር የሚያዳግት ነበር። ዓለም አቀፉ መለኪያ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናትና ለዓይን አካባቢ በሚቀባ ነገር ላይ በግራም ከ100 እንዳይበልጥ ይላል፤ ለሌላው 1,000። እንደ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳና ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ያሉት ደግሞ ጭራሽ መገኘት የለባቸውም።

እንዴት ሊሆን ቻለ? አንደኛ፣ ቫይታሚን ኢ ማቆያ አይደለም። ዘይት እንዳይከርም ይረዳል እንጂ ባክቴሪያን አይነካውም። ይህን ስሕተት በጣም ብዙ ሰው ያምነዋል፤ ከዛሬው ንግግሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። ሁለተኛ፣ ማፍላት ማምከን አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአንዳንድ ባክቴሪያዎች ስፖር በ100 ዲግሪም አይሞት። ቢሞትም ክዳኑ በተከፈተ፣ ጣት በገባ ቁጥር አዲስ ይገባል። ሦስተኛ፣ ዓይን አያየውም። ጥርት ያለ ውሃ እንኳ ደፍረስ ብሎ እንዲታይ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ሚሊዮን ያህል ባክቴሪያ ይፈልጋል። ነጭ ክሬም ውስጥ ማ ሊያየው!

ጓደኛችን ያን ቀን ማታ ስልኳን ይዛ ተቀመጠች፤ 20ዎቹንም እናቶች አንድ በአንድ ደወለችላቸው። «አትቀቡት፣ ገንዘባችሁን እመልሳለሁ።» አንዳንዷ «ኧረ ልጄ ቆዳው በጣም ነው የተስማማው» ብላ ልትተወው አልፈቀደችም ነበር፤ ለእሷ ሁለት ጊዜ ደወለች። 60ውንም ደፋችው። የወር ቤት ኪራይ ነው የደፋችው፣ ቀላል አይደለም። ጤናማ ቆዳ ያለው አዋቂ ያን ክሬም ቢቀባ ምናልባት ምንም አይሆንም። የተሰነጠቀ፣ በችፌ የተላጠ የሕፃን ቆዳ ግን በሩ ክፍት የሆነ ቤት ነው፤ ደግሞ የሕፃናት ክሬም የሚገዛው ማን ሆነና?

መፍትሔው ውሃ ያለበት ነገር ላይ እውነተኛ ማቆያ መጨመር ነው፤ ለምሳሌ ፊኖክሲኢታኖል፣ አውሮፓ እስከ 1 በመቶ የሚፈቅደው። ማቆያ ጨምረውም የሻገተባቸው አሉ። እዚህ ላይ ፒኤች ይመጣል። ሶዲየም ቤንዞኤት ርካሽ ስለሆነ ብዙዎቻችሁ ትጠቀሙበታላችሁ፤ የሚሠራው ግን አሲድ በሆነ አካባቢ ነው። መምህራኖቻችን ያስታውሱኛል፣ የቤንዞይክ አሲድ ፒኬኤ 4.2 ነው። ፒኤቹ 4.2 ሲሆን ግማሹ ሥራ ላይ ነው። 6.2 ሲሆን ከመቶ አንድ ያህሉ ብቻ። ስለዚህ ቤኪንግ ሶዳ ወይም ሳሙና ያለበት ክሬም ላይ ቤንዞኤት መጨመር ዘበኛ ቀጥሮ እንደማስተኛት ነው። በሲትሪክ አሲድ ከ5 በታች አውርዱት፣ በወረቀት ለኩት። ያ ደግሞ ለቆዳም ይስማማል፤ የቆዳ ፒኤች 5 አካባቢ ነው። በሳሙና የተያዘ ክሬም ላይ ግን ይህን አትሞክሩ፤ ያ የቅድሙ አይብ ይመጣል።

«የእኔ ግን ተፈጥሯዊ ነው፣ ኬሚካል የለበትም» የሚል ጓደኛ ሁልጊዜ አለ። እንዶድም ተፈጥሯዊ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ወንዝ ዳር ያዩትን ታስታውሳላችሁ፤ ሴቶቹ በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተገኙ። ያው አረፋ ነው ዛሬ «የተፈጥሮ ሻምፑ» ተብሎ ዓይን ውስጥ የሚገባው። እንዶድ የወቀጠ ሰው እንዴት እንደሚያስነጥስ ያውቃል፤ ዓይንም እንደዚያው ነው።

ሎሚም ተፈጥሯዊ ነው። የእኛ ትንሿ ሎሚ ፉሮኩማሪን የሚባል ነገር አላት። ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ ውኃ የቋጠረ ቁስል ይወጣል፣ ሲድን ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ጥቁረት ለማጥፋት ብላ ሎሚ የተቀባች ልጅ ከበፊቱ ጠቁራ ትመጣለች። ከዚያ ምን ታደርጋለች? ሎሚውን ትጨምራለች። በእኛ ከፍታ ፀሐዩ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ፊት ላይ የሎሚ ጭማቂ አትቀቡ፤ ለዚህ የሚሆን ማስተካከያ የለኝም።

አንድ ነገር በአጭሩ። የቤት ክሬም በሦስት ቀን ማድያት ካጠፋ፣ ወይም ሽፍታ በአንድ ሌሊት ካደረቀ፣ ደስ አይበላችሁ፤ ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቁ። ከፋርማሲ የተገዛ ጠንካራ ስቴሮይድ «ቅልቅል» ተብሎ በሺ ቅቤ ውስጥ እየተሸጠ ነው። ሲያቆሙት ቆዳው ይቀላል፣ ያቃጥላል፤ ሲቀጥሉት ይሳሳል። ይህ ከቤት ሙያ ጋር ዝምድና የለውም፤ ያለ ሐኪም መድኃኒት መሸጥ ነው።

አሁን የመጣሁበትን ልናገር። ያቺ ጓደኛችን ክሬሟን ያስመረመረችው እኔን ስለምታውቅ ነው። የማታውቀኝስ? እዚህ ግቢ ውስጥ ሚዛን አለ፣ የፒኤች መለኪያ አለ፣ ኢንኩቤተር አለ፣ ማይክሮባዮሎጂ የሚማሩ፣ የመመረቂያ ርእስ የሚፈልጉ ተማሪዎች አሉ። በወር አንድ ቅዳሜ፣ ግማሽ ቀን፣ ለተመራቂዎች ቤተ ሙከራው ቢከፈት ብዬ የትምህርት ክፍሉን እለምናለሁ። ለሳህኑና ለአጋሩ ወጪ ማኅበራችን ይዋጣ፤ እኔም በየወሩ መጥቼ ከተማሪዎቹ ጋር እቆማለሁ። አምራቹ ስሙን ሳይጠየቅ ናሙናውን ይስጥ፣ ውጤቱን ይውሰድ። ስም ከተጠየቀ ማንም አያመጣም፤ ይህን ከሥራዬ ዘመን በደንብ አውቀዋለሁ። አሳልፎ የሚሰጠው ሰው አለ ብሎ የፈራ አምራች ክሬሙን ዝም ብሎ ይሸጣል።

ስለ ተልባው ጄል ለጠየቀችኝ እህት፦ ማሞቅ አያድነውም፣ ጣይው። ሌላ ጊዜ ትንሽ ትንሽ ቀቅለሽ፣ በበረዶ መሥሪያ ሣጥን ከፋፍለሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪው፤ ፀጉርሽን በምትሠሪበት ቀን የሚበቃሽን ብቻ ታወጪያለሽ።

የሠራችሁትን ይዛችሁ የመጣችሁ አላችሁ፤ ቦርሳችሁን እያየሁ ነው። ምሳ ላይ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ የፒኤች ወረቀት ይዤ እቀመጣለሁ። ለሕፃን የሚቀባና ዓይን አካባቢ የሚነካ የያዘ ሰው ይቅደም።