ዘይት ሲደርቅ፦ የኤር ፍራየር አጸዳድን በተመለከተ የቀረበ ዲስኩር

ኤር ፍራየር ምግብን ዘይት ውስጥ ሳያሰምጥ በሚሽከረከር ትኩስ አየር የሚያበስል ትንሽ ምድጃ ነው። ከላይ የሚግል የኤሌክትሪክ ሽቦና ማራገቢያ፣ ከታች ደግሞ በመሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ቀዳዳ ያለው ቅርጫት አለው። ማራገቢያው አየሩን በጋለው ሽቦ ላይ እያሳለፈ ወደ ምግቡ ይገፋዋል፤ አየሩም ምግቡን ዞሮ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ይህን ስም በዓለም ገበያ ያስለመደው መሣሪያ የሆላንዳዊው ፍሬድ ፋን ደር ቬይ ድካም ፍሬ ነው፤ ፊሊፕስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 በርሊን በተካሄደው የኤሌክትሮኒክስ ዐውደ ርእይ ላይ ለሕዝብ አሳየው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላሉ።

ለዚህ ምሽት የተሰጠው ርእስ መሣሪያው ቅባት ሲይዝ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚጸዳ ነው። አጸዳዱ የሚገባው ግን ቅባቱ ምን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ስለሆነ ዲስኩሩ ከቅባቱ ይነሣል። የአቅራቢው የብዙ ዓመት ሥራ በቅባት እህሎች ላይ እንደመሆኑ፣ ነገሩ በዚያ በኩል ቢረዝም ታዳሚው ይታገሣል ተብሎ ይታመናል።

በመሣሪያው ውስጥ የሚቀረው ቅባት ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ከሥጋ የሚንጠባጠበው ስብ ነው። የበሬ ሞራ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ የዶሮ ስብ ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይፈሳል። ሲበርድ በመሳቢያው ወለል ላይ ይረጋል። ባሕርዩ ገና ስላልተለወጠ ሙቅ ውኃና ሳሙና ይበቃዋል። ሁለተኛው አየሩ ይዞት የሚዞረው፣ እንደ ጉም የረቀቀ የዘይት ብናኝ ነው፤ ዓይን በማያየው ቦታ፣ በማሞቂያው ሽቦና በጣሪያው ላይ ያርፋል። ሦስተኛው ከሁለቱም የሚወለደው ቡናማ ልባስ ነው። አንዳንዴ ጣት ሲነካው ያጣብቃል፤ አንዳንዴ እንደ መስተዋት የጠጠረ ነው። ባለቤቱን የሚያማርረው ይኸኛው ነው። ሳሙና አያነሣውም፤ ሳሙና የሚያነሣው ዘይትን ነው፣ ይህ ልባስ ደግሞ ዘይት መሆኑን ትቷል።

ውኃ ሲደርቅ ይተንናል። ዘይት ግን ሲደርቅ አይተንንም። በስሱ የተቀባ የተልባ ዘይት ከቀናት በኋላ ደርቆ ቢመዘን ከተቀባበት ቀን ይልቅ ከብዶ ይገኛል፤ ከአየር ኦክስጅን ጠጥቷልና። የዘይት ሞለኪውል ሦስት ረጃጅም የስብ አሲድ ሰንሰለቶች በአንድ የግሊሰሪን ራስ ላይ የተንጠለጠሉበት ነው። በአንዳንዶቹ ሰንሰለቶች ላይ ድርብ ትስስር የሚባሉ ቦታዎች አሉ፤ ኦክስጅን የሚያጠቃው በእነዚያ አጠገብ ነው። ካጠቃ በኋላ አንዱን ሰንሰለት ከጎረቤቱ ጋር ያቆላልፈዋል። ቁልፉ ሲበዛ ፈሳሹ መረብ ይሆናል፤ መረቡም አይፈስም፣ አይቀልጥም፣ በሳሙና ውኃ አይበተንም። ኬሚስት ፖሊመር ይለዋል፤ አናጢ ቫርኒሽ ይለዋል።

ሁሉም ዘይት እኩል አይደርቅም። ሂዩብል የተባለው ኦስትሪያዊ እ.ኤ.አ. በ1884 አንድ ዘይት ምን ያህል አዮዲን እንደሚወስድ እየለካ ድርብ ትስስሩን የሚገምትበትን ዘዴ አስተዋወቀ። የአዮዲን ቁጥሩ ከፍ ያለ ዘይት ፈጥኖ ይደርቃል። የኮኮናት ዘይት ቁጥር 10 አካባቢ ነው፤ የፓልም 50፣ የወይራ 80፣ የሱፍና የኑግ 130 አካባቢ፣ የተልባ ከ170 በላይ። በኢትዮጵያ የሚበቅለው ኑግ ዘይት ውስጥ ሁለት ድርብ ትስስር ያለው ሊኖሌይክ አሲድ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 70 እጅ ይበልጣል። ለምግብነት የተወደደው ይህ ባሕርይ በጋለ ብረት ላይ ልባስ ለማበጀትም የተመቸ ነው። ይህን ለማየት የፈለገ ሰው ሁለት ቁራጭ ፎይል ወስዶ አንዱን በኑግ ዘይት፣ ሌላውን በሚረጋው የፓልም ዘይት በስሱ ይቀባና በተራ ምድጃ ውስጥ በ180 ዲግሪ ሁለት ሰዓት ያቆያቸዋል። ከዚያ ሁለቱን በሙቅ ውኃና በሳሙና ሲያጥብ ልዩነቱ በጣቱ ይታወቀዋል። ፎይሉ በኤር ፍራየር ውስጥ ብቻውን መግባት የለበትም፤ ማራገቢያው አንሥቶ ከማሞቂያው ሽቦ ጋር ያገናኘዋል።

እዚህ ላይ ወደ ምጣድ መሻገር ግድ ይላል። አዲስ የሸክላ ምጣድ ከገበያ እንደመጣ እንጀራ አይጋገርበትም፤ መጀመሪያ ይሟሻል። ምጣዱ እሳት ላይ ይጣዳል፤ የተወቀጠ ጎመን ዘር ይነሰነስበታል፤ በጨርቅ ይታሻል፤ ጢሱ እየወጣ፣ የሸክላው ፊት እየጠቆረ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ይደጋገማል። ከዚያም በኋላ በየጋገራው በማሰሻ ይታሰሳል። ሳይሟሽ የተጋገረበት ምጣድ እንጀራውን ይይዛል። የጎመን ዘር ዘይት ሊኖሌይክና ሊኖሌኒክ አሲድ አለበት፤ በጋለው ሸክላ ላይ በስሱ ሲታሽ ኦክስጅን ይጠጣል፣ ይቆላለፋል፣ የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍናል። ምጣድ የሚያሟሹ እናቶች ሞለኪውል የሚለውን ቃል ሳያውቁ ዘይትን ወደ ፖሊመር የመለወጡን ሥራ በሥርዓቱ ይዘውት ኖረዋል። ሥርዓቱም ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ዘይቱ ስስ ይሁን፣ ሙቀቱ ይበርታ፣ አየር ይግባ። እነዚህ ሦስቱ በኤር ፍራየር ውስጥ ተሟልተው ይገኛሉ። መሣሪያው ዘይቱን በብናኝ ያሳሳል፣ እስከ 200 ዲግሪ ያግላል፣ አየሩን ያለማቋረጥ ይነዳል። የሙቀት መጠን በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የብዙ ኬሚካላዊ ለውጦች ፍጥነት በግምት እጥፍ ስለሚሆን፣ በክፍል ሙቀት ቀናት የሚወስደው ነገር በዚያ ውስጥ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል።

በአንድ ቤት የሆነው ነገር ለዚህ ምስክር ነው። የልጆቹ እናት ኤር ፍራየሩን በሽቦ መፈግፈጊያ ትፈትጋለች፤ ቡናማው ልባስ አልነሣ ብሏታል። አማቷ ከጎኗ ቆመው ጥቂት ካዩ በኋላ ጣታቸውን በመሳቢያው ጠርዝ ላይ አሳረፉና «ልጄ፣ ይኼ እኮ አልቆሸሸም፤ ተሟሽቷል» አሏት። ከዚህ አባባል የተሻለ ኬሚካላዊ ፍቺ በዚህ ዲስኩር ውስጥ አይገኝም።

ልዩነቱ ግን መታወቅ አለበት። በምጣድ ላይ ልባሱ እስከ መጨረሻው ይበስላል፤ ጨርሶ የደረቀ ልባስ ልሙጥ ነው፣ ምግብ አይዝም። በቅርጫት ላይ ግን ዘይቱ እዚህ ሳስቶ እዚያ ጠብ ብሎ ስለሚቀር በየቦታው ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ግማሽ የደረቀ ዘይት ሙጫ ነው። ሙጫው የሚቀመጠው ደግሞ እንዳያጣብቅ ተብሎ በተለበጠ ፊት ላይ ነው፤ ስለዚህ ልባጡ ሳይላጥ ሥራውን ያቆማል። በተለይ በግፊት ከቆርቆሮ የሚረጨው ዘይት ብዙውን ጊዜ ሌሲቲን ስላለበት የሚያጣብቅ ቅሪት ይተዋል። ዘይትን በብሩሽ ምግቡ ላይ መቀባት ከዚህ ያድናል። ልባጡ በብዛት ቴፍሎን የሚባለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1938 አሜሪካዊው ኬሚስት ሮይ ፕለንኬት በአጋጣሚ አገኘው። ከ260 ዲግሪ በላይ መበላሸት ይጀምራል፤ በኤር ፍራየር ሙቀት ግን አይጎዳም። የሚጎዳው በሽቦና በቢላዋ ነው።

እስከዚህ የተባለው ተጠቅልሎ ሲታይ፣ የረጋ ስብ በሙቀትና በሳሙና ይነሣል፣ የደረቀ ዘይት ግን በሳሙና አይነሣም። ሳሙና ለምን ለአንዱ በቅቶ ለሌላው እንደማይበቃ ለማስረዳት ደግሞ የአንዲት ሴትን ታሪክ ማንሣት ያስፈልጋል።

አግነስ ፖክልስ እ.ኤ.አ. በ1862 ተወልዳ በጀርመን አገር በብራውንሽቫይግ የኖረች ናት። በዘመኗ ዩኒቨርሲቲ ሴት አይቀበልም ነበር፤ ወንድሟ ፊዚክስ ሲማር እሷ ታማሚ ወላጆቿን እያስታመመች ቤት ትይዝ ነበር። የቅባት ዕቃ በምታጥብበት ውኃ ፊት ላይ የሚሆነውን አስተዋለች። በሃያ ዓመቷ ገደማ በወጥ ቤቷ ውስጥ የውኃን የፊት ውጥረት የምትለካበት ገንዳ ሠራች። በጀርመን የሰማት ስላልነበረ እ.ኤ.አ. በ1891 መጀመሪያ ላይ ለእንግሊዛዊው ፊዚሲስት ለሎርድ ሬይሊ ደብዳቤ ጻፈች፤ እሳቸውም ደብዳቤዋን አስተርጉመው ኔቸር በተባለው መጽሔት እንዲወጣ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1932 ኬሚስቱ ኢርቪንግ ላንግሚዩር በዚሁ የፊት ኬሚስትሪ መስክ የኖቤል ሽልማት ሲቀበል፣ በዚያው ዓመት የ70 ዓመቷ ፖክልስ ከከተማዋ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ተሰጣት። ዕቃ ማጠብ ለሳይንስ የማይበቃ ሥራ የሚመስለው ሰው ይህን ታሪክ ልብ ሊለው ይገባል።

እሷ የለካችው ኃይል በማጠቢያው ውስጥ ይሠራል። የሳሙና ሞለኪውል አንዱ ጫፉ ውኃን፣ ሌላው ቅባትን ይወዳል። ቅባቱን ከብቦ ወደ ትናንሽ ጠብታዎች ይበታትነዋል፤ ጠብታዎቹ ከውኃው ጋር ይሄዳሉ። እንዶድም ልብስ የሚያጥበው በሳፖኒኑ በዚሁ መንገድ ነው። ዳሩ ግን ለመበታተን መጀመሪያ መላቀቅ ያስፈልጋል፤ የተቆላለፈ መረብ አይላቀቅም። መረቡን የሚቆርጠው አልካሊ ነው። ፈረንሳዊው ሸቭረል እ.ኤ.አ. በ1823 ባሳተመው የቅባት ጥናት አልካሊ ቅባትን ወደ ግሊሰሪንና ወደ ስብ አሲዶች እንደሚፈታው አስረድቷል። ድስት በአመድ መፈተግ በዚሁ ምክንያት ያጸዳል፤ አመድ ፖታሲየም ካርቦኔት አለው፣ ከቅባቱም ጥቂት ሳሙና ያበጃል። ብርቱው አልካሊ ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ እሱ ግን አሉሚኒየምን ስለሚበላ፣ የብዙ መሣሪያዎች መሳቢያም ከአሉሚኒየም ስለሚሠራ፣ ኮስቲክ ያለበት የምድጃ ማጽጃ ለኤር ፍራየር አይሆንም። የሚስማማው ቤኪንግ ሶዳ ነው። ደካማ ነው፤ ፒኤቹ 8 አካባቢ ነው። ስለዚህ ጉልበቱ የሚተካው በጊዜና በሙቀት ነው። ቤኪንግ ሶዳን ከአቼቶ ጋር መቀላቀል የተለመደ ቢሆንም አይረባም፤ አረፋው ሁለቱ ተጣፍተው የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ የሚቀረውም አልካሊም አሲድም ያልሆነ ጨዋማ ውኃ ነው።

የቀረው ጊዜ ጥቂት ስለሆነ የአጸዳዱ ሥራ በአጭሩ ይቀርባል።

ሶኬቱ ይነቀላል፤ መሣሪያው እጅ የሚችለው ሙቀት ላይ እስኪደርስ ይጠበቃል። ጨርሶ ሳይበርድ መጀመር ይሻላል፣ ስቡ አልረጋምና። በመሳቢያው የተጠራቀመው ስብ በወረቀት ተጠርጎ ወይም በቆርቆሮ ተቀድቶ ይጣላል እንጂ ወደ ማጠቢያው ቧንቧ አይደፋም። እ.ኤ.አ. በ2017 በለንደን ዋይትቻፕል ሠፈር ፍሳሽ ውስጥ 130 ቶን የሚመዝን፣ 250 ሜትር የሚረዝም የስብ ክምር ተገኝቷል። ቅርጫቱና መሳቢያው በሙቅ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና ግማሽ ሰዓት ይዘፈዘፋሉ፤ ከዚያ በለስላሳ ስፖንጅ ይታጠባሉ፤ ቀዳዳዎቹ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠረጋሉ። አልነሣ ያለ ቡናማ ቦታ በጥቂት ውኃ የተለወሰ ቤኪንግ ሶዳ ይቀባና ሌላ ግማሽ ሰዓት ይቆያል፤ በሙቅ ውኃ የራሰ ጨርቅ ቢለብስ ይበልጥ ይለሰልሳል። በአንድ ቀን ያልለቀቀ በነጋታው ይደገማል። ጥፍር፣ ቢላዋና ሽቦ ቦታ የላቸውም። ጠጥሮ የቀረና የማያጣብቅ የጠርዝ ልባስ ካለ ቢተውም አይጎዳም፤ እሱን ለማንሣት ልባጡን መፋቅ ግን ይጎዳል።

ነጭ ጢስና ሽታ በማሞቂያው ሽቦ ላይ ካረፈው ቅባትም ይመጣሉ። ሶኬቱ እንደተነቀለ፣ መሣሪያው ፈጽሞ ከበረደና መሳቢያው ከወጣ በኋላ አካሉ ተገልብጦ ሽቦው ወደ ላይ ይዞራል። በደንብ በተጨመቀ ስፖንጅና በጥቂት ሳሙና ይታበሳል፤ የከረረው ቦታ በለስላሳ ብሩሽ ይነካል፤ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሳሙናው ይወገዳል። ውኃ አይፈስበትም፤ ማጽጃም በቀጥታ አይረጭበትም። ይህ ሥራ በየዕለቱ አያስፈልግም፤ ቅርጫቱ ግን ምግብ በተሠራበት ዕለት ሁሉ መታጠብ አለበት፤ ያደረ ዘይት በቀጣዩ ማብሰል ይደርቃልና። ሥጋ ሲበስል በመሳቢያው ሥር ጥቂት ውኃ ማድረግ የሚንጠባጠበው ስብ እንዳይጤስ ያግዳል፤ የመሣሪያው መመሪያ የሚከለክል ከሆነ ግን ይቀራል። ሁሉም ክፍል በጨርቅ ደርቆ ከተገጠመ በኋላ መሣሪያው ባዶውን ለሦስት ደቂቃ ያህል ይሠራል፤ በመጋጠሚያው የቀረው እርጥበት በዚያ ይወጣል።