አዲስ ሃይማኖት የምንለው ምንድን ነው?

(በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «አዳዲስ የሃይማኖት እንቅስቃሴዎችን እንዴት አድርገን እንተርጕማቸው?» የሚል ነው። ርእሱ ከፈረንጅ መጽሐፍ የተቀዳ ይመስላል፤ እኔ ግን ከሻሸመኔ ልጀምር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን እዚያ ስከታተል ከጃማይካ ከመጡ ወላጆች የተወለደ ልጅ አብሮኝ ይማር ነበር። አንድ ቀን ቅጽ እንድንሞላ ታዘዝንና «ሃይማኖት» ከሚለው መሥመር ሲደርስ ብዕሩ ቆመ። ጸሐፊው ኦርቶዶክስ፣ እስላም፣ ካቶሊክ፣ ፕሮቴስታንት እያሉ ቈጠሩለት፤ እርሱም ለሁሉም «አይደለሁም» አለ። በመጨረሻ «ሌላ» ተብሎ ተጻፈለት። እኛም ሳቅን። ያ ሳቅ ዛሬ ያሳፍረኛል።

«አዲስ የሃይማኖት እንቅስቃሴ» የሚለውን ስም ሊቃውንት የመረጡት ስድብ የሌለበት ቃል ፈልገው ነው። በእኛ አገር «መጤ ሃይማኖት» ይባላል፤ ይህ ቃል ከመግለጽ ይልቅ ማባረር ይቀናዋል። ዳሩ ግን የሊቃውንቱም ስም ጣጣ አለበት። ብሪታንያዊቷ የማኅበራዊ ኑሮ ጥናት ሊቅ አይሊን ባርከር አዲስ የምትላቸው አሁን ባላቸው መልክ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የታዩትን ነው። በጃፓን ግን በ1838 የተመሠረተው ቴንሪክዮ እስከ ዛሬ ከአዲሶቹ ይቈጠራል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር እጠቅሳለሁ።)

ታዲያ የጓደኛዬ ወገኖች፣ ራስተፈሪያውያን፣ ከየትኛው ይመደቡ? ነገሩ የተነሣው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1930 ዘውድ ከጫኑ በኋላ ሲሆን፣ ሌናርድ ሃወል በጃማይካ መስበክ የጀመረው በ1933 ነው። (የሚገርመው ስማቸውን የወሰዱት ንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ሳይጭኑ ከነበራቸው ስም መሆኑ ነው።) በባርከር ሚዛን አርጅተዋል፤ በጃፓኖቹ ሚዛን ገና ልጆች ናቸው። ራሳቸውን ብንጠይቅ ደግሞ ሥራቸውን ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ዘር፣ ዳዊትም ስለ ኢትዮጵያ ከዘመረው ይመዙታል እንጂ አዲስ ነን አይሉም።

ከዚህ የባሰው ግን «ሃይማኖት» የሚለው ነው። እኛ ጸሎተ ሃይማኖት እየደገምን ስላደግን ሃይማኖት ሲባል የተጻፈ ቀኖና፣ ካህንና ጉባኤ ይታየናል። በእነርሱ ዘንድ ግን ንጉሠ ነገሥቱን አምላክ ናቸው የሚሉ አሉ፤ አይደሉም፣ በእግዚአብሔር የተቀቡ ንጉሥ ናቸው የሚሉም አሉ። ናያቢንጊ፣ ቦቦ አሻንቲና ዐሥራ ሁለቱ ነገደ እስራኤል የተባሉት ማኅበሮች ለየራሳቸው ሥርዓት አላቸው፤ ለሁሉም አንድ አለቃ የለም። ብዙዎቹን የሚያስተባብራቸው አመጋገብ፣ የጠጕር አያያዝ፣ አነጋገርና ወደ አፍሪካ የመመለስ ናፍቆት ነው።

«እንግዲያው የኑሮ ፈሊጥ እንጂ ሃይማኖት አይደለም» የሚል ይኖራል። እኔ አልስማማም። የሠለስቱ ምእትን ውሳኔ አንድ በአንድ ሊተነትን የማይችል ባላገር ረቡዕና ዓርብ ግን ሥጋ አይቀምስም። እርሱን ሃይማኖት የለሽ የሚለው ማን ነው?

ወሰኑም ቢሆን አይጨበጥም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በጃማይካ በ1970 ከተተከለች በኋላ ከእነርሱ መካከል የተጠመቁ አሉ። ቦብ ማርሊም በ1980 ተጠምቋል። ቅጹን የያዙት ጸሐፊ ከየትኛው መሥመር ያስገቡት ይሆን?

ይህ የቃላት ክርክር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእንግሊዝ አገር አንድ ራስተፈሪያዊ ጠጕሬን አልቈረጥም በማለቱ የሹፌርነት ሥራ ተከለከለ። በዚያን ጊዜ የነበረው ሕግ በዘር ማበላለጥን እንጂ በሃይማኖት ማበላለጥን አይከለክልም ነበርና፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1993 «ራስተፈሪያውያን የተለየ ዘር አይደሉም» ብሎ ሲወስን ሰውየው ባዶ እጁን ቀረ። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ጠበቃ ለመሆን የተማረ ሰው ለሃይማኖቴ ብዬ ጋንጃ አጨሳለሁ በማለቱ ከሙያው ታገደ። በ2002 የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ሃይማኖትነቱን አልካደበትም፤ ነገር ግን በአምስት ድምፅ በአራት ጥያቄውን ጣለው። አንዱ ስም በማጣት፣ ሌላው ስም እያለው ተጐዳ።

አንድ መምህሬ «ሰው ሁሉ የራሱን ልማድ ሃይማኖት ነው ካለ ሕግ ምን ይሆናል?» ብለው ጠይቀውኛል። ፍራቻቸው እውነት ነው፤ ዳኛ ያለ ሚዛን አይፈርድም። እኔ የምለው ለዳኛ የተሠራ ሚዛን ለታሪክ ጸሐፊ አይሆንም፣ ለቅጽ ሞይማ ከቶ አይሆንም ነው። ትርጓሜ የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ ለምን ሥራ እንደሚፈልገው ይናገር።

ባለፈው ክረምት ያን ጓደኛዬን አግኝቼ ዛሬ ቢሆን ምን ትጽፋለህ ብዬ ጠየቅሁት። «ቦታው ሰፋ ቢል እጽፍ ነበር» አለኝ። የሕግ ተማሪዎች ጥያቄ እንዳላችሁ አያለሁ፤ እሰማለሁ።