እንባ ስጦታ የሆነባት ዓለም



«ያልነበረውን እንደ ነበረ አድርጎ የሚተርክ መጽሐፍ ምን ይጠቅማል? ጊዜ ማባከን ነው» የሚሉ አያሌ ሰዎች አሉ። ይህንንም የሚሉት ንባብ የማይወዱ ብቻ አይደሉም፤ ታሪክና የሃይማኖት መጻሕፍትን አዘውትረው የሚያነቡ ብልሆችም ናቸው። እኔም ራሴ ብዙ ዘመን እንዲሁ ሳስብ ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን ሐሳቤን ስላስለወጠኝ ስለ አንድ መጽሐፍ ልነግራችሁ እወዳለሁ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን ስሙ «ዱን» ይባላል፤ ይኸውም ነፋስ የከመረው የአሸዋ ጉብታ ማለት ነው።

ደራሲው ፍራንክ ኸርበርት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920 ተወልዶ በ1986 የሞተ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ነበር። በ1957 በኦሬገን ግዛት ፍሎረንስ ከምትባል ከተማ አጠገብ ወዳለው የባሕር ዳር አሸዋ ሄደ። በዚያ ነፋስ የሚነዳው አሸዋ መንገድና ቤት እየቀበረ ስላስቸገረ፣ የመንግሥት የግብርና ባለሙያዎች ሣር እየተከሉ ያግዱት ነበር። ኸርበርት ስለዚህ ሥራ ለመጽሔት ሊጽፍ ያሰበው ጽሑፍ ሳይታተም ቀረ፤ የአሸዋው ነገር ግን ከልቡ አልወጣም። ከብዙ ዓመት ንባብና ድካም በኋላ ልብ ወለድ ሆኖ ተጻፈ። ከ20 የሚበልጡ አሳታሚዎች አንቀበልም ካሉት በኋላ፣ በ1965 ያተመው በመኪና ጥገና መጻሕፍቱ የታወቀ ድርጅት መሆኑ የሚያስደንቅ ነው።

ደራሲው የሚነሣው ከአንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም፦ ዝናብ ከቶ የማይዘንብባት ዓለም ብትኖር የሰው ኑሮ ምን ይመስል ነበር? የሚል ነው። የቀረውን ሁሉ ከዚህ ከአንድ ሥር ያበቅለዋል። ዓለሚቱ አራኪስ ትባላለች። ፍሬመን የሚባሉት የበረሃዋ ሰዎች ላባቸውንና የትንፋሻቸውን እርጥበት አጣርቶ መልሶ የሚያጠጣቸው ልብስ ይለብሳሉ። ሰው ሲሞት ከሥጋው ውስጥ ያለው ውሃ ተለክቶ ለወገኖቹ ይቀራል። በከተማዋ ደግሞ ባለጠጎች ለግብዣ ሲቀመጡ የእጃቸውን ውሃ በወለል ላይ እያፈሰሱ በፎጣ ያደርቁታል፤ ከደጅ የቆሙ ለማኞችም ከፎጣው የሚጨመቀውን ይጠብቃሉ። አዲስ የመጣው መስፍን ሌቶ ይህን ልማድ ሽሮ፣ በማዕድ ሰዓት ለሚመጣ ሁሉ ውሃ በኩባያ እንዲሰጥ ያዝዛል። የገዢና የተገዢ ነገር በአንድ እርጥብ ፎጣ እንዲህ ተገልጦ አላየሁም።

ሌላም ልጥቀስ። ስቲልጋር የተባለው የፍሬመን አለቃ በመስፍኑ ፊት ቀርቦ በጠረጴዛው ላይ ምራቁን ይተፋል። ባለሟሎቹ ተዋረድን ብለው ሲቆጡ፣ የአገሩን ልማድ የሚያውቅ አንዱ ያግዳቸዋል፤ ሰውየው ከገላው ውሃ ሰጥቶ ማክበሩ ነበርና። በእኛም አገር ሽማግሌ ሲመርቅ «እንትፍ» እንደሚል የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በኋላም የመስፍኑ ልጅ ፖል በግድ የገጠመውንና የገደለውን ሰው ሲቀብር እንባው ይወርዳል። ፍሬመኖች በመደነቅ ያንሾካሹካሉ። ለሞተ ሰው ውሃውን የሚሰጥ አይተው አያውቁምና።

የመጽሐፉ ጥበብ ግን በልማድ ብቻ አይወሰንም። በአራኪስ በረሃ ውስጥ ርዝመታቸው ከ400 ሜትር የሚያልፍ ትሎች አሉ። ዕድሜ የሚያስረዝመውና በከዋክብት መካከል የሚጓዙትን መርከቦች መሪዎች መንገድ የሚያሳየው ውድ ቅመም የሚገኘው ከእነዚሁ ፍጥረታት ነው፤ ውሃ ደግሞ ለትሎቹ መርዝ ነው። ፍሬመኖች ምድራቸውን በሣርና በዛፍ ለማልበስ ከ300 እስከ 500 ዓመት የሚፈጅ ሥራ ጀምረዋል። እንግዲህ በረሃው ከለመለመ ትሉ ይጠፋል፤ ትሉ ከጠፋም ቅመሙ ይቀራል። አንዱን መልካም ነገር ለማግኘት ሌላው እንዴት እንደሚታጣ አንባቢው ራሱ እንዲመዝን ይገደዳል። ደራሲው መጽሐፉን ስለ ደረቅ ምድር ለሚመራመሩ ሊቃውንት መታሰቢያ ማድረጉም ያለ ምክንያት አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስጠንቀቂያ ስለ ጀግና ነው። ፖል ፍሬመኖች ሲጠብቁት የነበረው አዳኝ መስሎ ይታያቸዋል፤ ተስፋውን ግን ከብዙ ዘመን በፊት ለራሳቸው ጥቅም የዘሩት ሌሎች ናቸው። ፖልም በስሙ የሚነሣውን ጦርነት አስቀድሞ እያየ ሊያግደው አይችልም። ሕዝብ ማስተዋሉን ሁሉ ለአንድ ሰው ሲያስረክብ፣ ሰውየው ደግ ቢሆንም እንኳ መዘዙ ብዙ ነው።

መጽሐፉ እንከን የለበትም አልልም። ባሮን ሃርኮነን የተባለው ጠላት ከመጠን በላይ ክፉ ሆኖ ስለ ተሣለ ሰውነቱ ይጠፋብናል። መጀመሪያውም በእንግዳ ቃላት የተሞላ ነው፤ እኔም በፊተኛው ንባቤ ተሰላችቼ አስቀምጬው ነበር። ምክሬ ይህ ነው፦ በየቃሉ ከመጨረሻ ያለውን መፍቻ አትፈልጉ፤ ፊተኛውን መቶ ገጽ ታገሡ፤ ትርጉሙ በራሱ ጊዜ ይመጣል። እንግሊዝኛ የምታነቡም ለማያነቡት በአማርኛ ተርኩላቸው።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ከሩቅ ምንጭ በእንስራ አዝላ ያመጣችውን ውሃ በጨዋታ ገፍቼ ደፋሁት። እናቴ አልመታችኝም፤ ተቀምጣ አለቀሰች። ስለ ውሃ ይለቀሳልን? ብዬ ብዙ ዓመት ተገርሜአለሁ። እንስራውን ከተሸከመችው እናቴ ሳይሆን፣ ያልነበረች ዓለም ከፈጠረ የሩቅ አገር ሰው መልሱን ማግኘቴ ያሳፍረኛል። ነገር ግን ያልነበረውን የሚተርክ መጽሐፍ ምን ይጠቅማል ለሚለኝ ከእንግዲህ የምመልሰው ይኸው ነው፤ በዓይኔ ፊት የነበረውንና ያላየሁትን አሳይቶኛል።